አርትራይተስ፦ ስለ ስሙ አመጣጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

አርትራይተስ ማለት በቀጥታ ሲተረጎም ምን ማለት ነው?

ቃሉ ግሪክኛ ነው። «አርትሮን» መገጣጠሚያ ማለት ሲሆን «ኢቲስ» ደግሞ እኛ በ«የ» እንደምናደርገው አንድን ነገር ከሌላው ጋር የሚያዛምድ ቅጥያ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ «የመገጣጠሚያ» የሚል ቃል ይሆናሉ። የመገጣጠሚያ ምን? ግሪኮቹ መልሱን «ኖሶስ» በሚለው ቃል ያሟሉት ነበር፤ ኖሶስ በሽታ ነው። «አርትሪቲስ ኖሶስ» የመገጣጠሚያ በሽታ ማለት ነበር። እያደር ኖሶስ ተተወና «አርትሪቲስ» ብቻውን ስም ሆነ። ቃሉ በጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጽሑፎች ውስጥ ስለሚገኝ ዕድሜው ከ2,300 ዓመት ይበልጣል።

እንግዲህ ስሙ የሚነግረን የታመመው የት እንደሆነ ነው፤ ለምን እንደታመመ ግን አይነግረንም። ይህን መያዝ ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል። ዛሬ በዚህ ስም ሥር የሚመደቡት የበሽታ ዓይነቶች ከ100 በላይ ናቸው፤ መነሻቸውም ሕክምናቸውም ይለያያል። «አርትራይተስ አለብህ» የተባለ ሰው «የትኛው?» ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው፣ ሊጠይቅም ይገባዋል።

አርትሮን የሚለው ቃል ሌላ ቦታ ይገኛል?

በብዙ ቦታ ይገኛል። የላቲኑ ወንድም «አርቱስ» ይባላል፤ እሱም መገጣጠሚያ ወይም የአካል ክፍል ነው። ትንሿን መገጣጠሚያ ሮማውያን «አርቲኩለስ» አሏት። አመልካች ጣትዎን አጠፍ አድርገው ይመልከቱት፦ ከመዳፉ የሚጋጠምበት፣ መሐሉ ላይ የሚታጠፍበት፣ ከጥፍሩ ሥር ያለው። ሦስቱም አርቲኩለስ ናቸው። አንድ ወጥ የነበረው ጣት በእነሱ የተነሳ ክፍል ክፍል ያለው ሆኗል። የጋዜጣ ጽሑፍን «አርቲክል» የምንለው፣ የሕግ አንቀጽም በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች በዚሁ ቃል የሚጠራው ከዚህ በመነሳት ነው፤ የአንድ ትልቅ ነገር ክፋይ፣ ከሌላው ጋር የተጋጠመ ቁራጭ።

ሰዋስው ውስጥም ገብቷል። ግሪኮች ከስም ፊት የምትገባዋን ትንሽ ቃል «አርትሮን» ብለዋታል፤ ሮማውያን ወደ አርቲኩለስ መለሱት፤ በእንግሊዝኛ ትምህርት «አርቲክል» ተብላ የምንማራት እሷው ናት። ከሁሉ በስተጀርባ ያለው ሥር «መግጠም፣ ማስማማት» የሚል ሐሳብ አለው። ድምፅና ድምፅ ሲስማማ «ሃርሞኒ» የሚባለውም የዚህ ሥር ልጅ ነው። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ዝምድና ነው፦ መገጣጠሚያን የሰየሙት ሰዎች ያዩት ሁለት አጥንቶች መስማማታቸውን ነው።

መጨረሻው «አይተስ» ከሆነ ብግነት ማለት አይደለም እንዴ?

ዛሬ አዎ፣ ድሮ ግን አልነበረም። ከላይ እንዳልነው ቅጥያው «የ» ከማለት ያለፈ ትርጉም አልነበረውም፤ ኔፍሪቲስ የኩላሊት፣ ፕሌውሪቲስ የጎን በሽታ ነበር። ብዙዎቹ እንዲህ የተሰየሙ በሽታዎች እብጠት፣ ትኩሳትና መቅላት ያለባቸው ስለነበሩ ሐኪሞች ቅጥያውን ቀስ በቀስ ከብግነት ጋር አቆራኙት። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳዲስ ስሞች ሲወጡ ነገሩ ደንብ ሆነ፦ የአካሉ ስም፣ ከኋላው «አይተስ»፣ በቃ ብግነት ነው። ቶንሲላይተስና አፔንዲሳይተስ የዚህ ደንብ ልጆች ናቸው።

አርትራይተስ ግን ከደንቡ በፊት የተወለደ ስም ነው። ደንቡን ወደ ኋላ ወስደን ስንጭንበት አንዳንዱ ዓይነት አይገጥምም፤ ወደ ኦስቲኦአርትራይተስ ስንደርስ እናየዋለን።

ቁርጥማት፣ ሪህና አርትራይተስ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ግን ይነካካሉ። ቁርጥማት «ቆረጠመ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ጥርስ ጠጣር ነገር ሲቆረጥም የሚሰማው ስሜት አጥንት ውስጥ ሆኖ ሲሰማ ሰው «ይቆረጥመኛል» ይላል። ይህ የሕመምተኛው ስም ነው፤ በሽታውን ሳይሆን ስሜቱን ይጠራል። በጉንፋን ጊዜም አጥንት ይቆረጥማል፤ ያ ግን አርትራይተስ አይደለም።

ሪህ በአማርኛ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ባብዛኛው ለአንድ የተለየ በሽታ፣ ለጋውት፣ ተሰጥቷል። በንግግር ግን ሰፋ ይላል፤ ጉልበቱን ያመመው ሁሉ «ሪህ ያዘኝ» ሲል እንሰማለን። ሁለቱን አጠቃቀም ማደባለቅ አደጋ አለው። ጋውት ዩሪክ አሲድ የተባለውን በደም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር በሚቀንስ መድኃኒት ይታከማል፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ የሰውነት መከላከያውን በሚያረጋጋ። ጎረቤት «ለሪሄ ሠራልኝ» ያለው መድኃኒት ለእርስዎ «ሪህ» ምንም ላይፈይድ ይችላል። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ ስም ማጣራቱ ይቆይና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ተዋሲያን ገብተው ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያበላሻል።

የጥንት ሐኪሞች ሪህን ምን ይሉት ነበር?

«ፖዳግራ»። «ፑስ» እግር ነው፤ «አግራ» መያዝ፣ ማጥመድ። ግሪኮች ይህንኑ ቃል የአውሬ እግር ለሚይዝ ወጥመድም ይጠቀሙበት ነበር። እኛ በሽታ «ያዘኝ» እንደምንለው እነሱም ሕመሙን የሆነ ነገር እግርን ቀጨም አድርጎ እንደያዘ አዩት። እጅ ላይ ሲወጣ «ኪራግራ»፣ ጉልበት ላይ ሲወጣ «ጎናግራ» ሆነ።

ወጥመድ ማለታቸው ማጋነን አልነበረም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም ራሱ ለብዙ ዓመታት የታመመበት ሰው ስለነበር በ1683 ያሳተመው ገለጻ እስከ ዛሬ ይነበባል። ሕመምተኛው ጤነኛ ሆኖ ይተኛል፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የእግሩ አውራ ጣት ሕመም ይቀሰቅሰዋል። መጀመሪያ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ከዚያ ሕመሙ ሰዓት በሰዓት እየበረታ ይሄዳል፣ በመጨረሻ የለበሰው አንሶላ ክብደት እንኳ አይቻለውም፤ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሲራመድ ወለሉ የሚነቃነቀው ያሳምመዋል። የታመመ ሰው በሽታውን ሲጽፍ እንዲህ ነው፤ እኔ ከዚህ የተሻለ ገለጻ አላነበብኩም።

ጋውት «ጠብታ» ማለት ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የላቲኑ «ጉታ» ጠብታ ነው፤ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ «ጉት» ሆኖ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ራንዶልፈስ የሚባል የዶሚኒካን መነኩሴ ፖዳግራን በ«ጉታ» ስም ጠርቶታል፤ ቃሉን ለዚህ በሽታ ከተጠቀሙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ እንደሆነ ይነገራል።

ለምን ጠብታ? በዘመኑ እምነት ሰውነት በአራት ፈሳሾች ሚዛን ይኖራል፦ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት። አንዱ ሲበዛ ትርፉ ጠብ፣ ጠብ እያለ ወደ መገጣጠሚያ ይወርዳል፣ እዚያም ያቆራል ብለው አሰቡ። ፈሳሾቹን በተመለከተ ተሳስተዋል። በደም ውስጥ የበዛ ነገር መገጣጠሚያ ውስጥ ይጠራቀማል ማለታቸው ግን ከእውነቱ አልራቀም። በ1797 እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ወላስተን ከሪህ ሕመምተኛ እብጠት የወጣ ጠጠር መሳይ ነገር መርምሮ የዩሪክ አሲድ ጨው መሆኑን አሳየ። በ1848 እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ ዩሪክ አሲዱ በሕመምተኞቹ ደም ውስጥ ከልክ በላይ መኖሩን አረጋገጠ። ቆየት ብሎም ቀላል ምርመራ ፈጠረ፦ ከደሙ ላይ የተለየውን ውሃማ ክፍል በጠፍጣፋ ዕቃ ያደርጋል፣ አሲድ ጠብ ያደርግበታል፣ አንድ ክር ይነክርና ይተወዋል። ሪህ ያለበት ሰው ከሆነ ክሩ ላይ ክሪስታሎች ተሰካክተው ይገኛሉ። በ1961 ደግሞ አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ማካርቲና ሆላንደር በመርፌ ከተቀዳ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ እነዚያኑ መርፌ መሳይ ክሪስታሎች በልዩ ማይክሮስኮፕ አዩ። ዛሬም ሪህን የሚያረጋግጠው ዋናው ምርመራ ይህ ነው።

ሩማቲዝምስ ከየት መጣ?

ከዚያው ከፈሳሽ ሐሳብ። «ሬውማ» በግሪክኛ የሚፈስ ነገር፣ ጅረት ነው። ዳያሪያ የሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ሪያ»፣ ሄሞሮይድ ውስጥ ያለው «ሮ» ከዚሁ «መፍሰስ» ከሚለው ግስ ናቸው። ከጭንቅላት አክታ ወደ ታች ይፈሳል፣ የደረሰበትን ያሳምማል ተብሎ ስለታመነ ንፍጥም፣ የዓይን እንባም፣ የወገብ ሕመምም በአንድ «ሬውማ» ውስጥ ይገቡ ነበር።

ስሙን ወደ መገጣጠሚያና ጡንቻ ያጠበበው የፓሪሱ ሐኪም ጊዮም ደ ባዩ ነው። በ1616 ሞቶ ጽሑፉ በ1642 ታተመ። አርትራይተስ በአንድ መገጣጠሚያ ላይ የሚያደርገውን ሩማቲዝም በመላው ሰውነት ላይ ያደርገዋል ሲል ለየው። ዛሬ ሩማቲዝም እንደ በሽታ ስም እምብዛም በወረቀት ላይ አይጻፍም፤ የሙያው ስም ግን «ሩማቶሎጂ» ሆኖ ቀርቷል። የሚፈስ አክታ የለም፣ ሐኪሞቹ ግን እስከ ዛሬ በሱ ስም ይጠራሉ።

ሩማቶይድ አርትራይተስን ማን ሰየመው?

በክሩ የፈተነው ያው አልፍሬድ ጋሮድ፣ በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ። «ኦይድ» በግሪክኛ «ኤይዶስ» ከሚለው የመጣ ነው፤ መልክ፣ መምሰል ማለት ነው። ስለዚህ ሩማቶይድ «ሩማቲዝም መሳይ» ነው። ሙሉው ስም «ሩማቲዝም የሚመስል የመገጣጠሚያ በሽታ» ይሆናል። ስም ሲባል እንግዳ ነው፤ ምን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሚመስል የሚናገር።

ጋሮድ እንዲህ ያለው ግን በቂ ምክንያት ነበረው። ከእሱ በፊት በ1800 የፓሪሱ ኦጉስታን ላንድሬ ቦቬ ዘጠኝ ሴቶችን መርምሮ በሽታውን በሚገባ ገልጾት ነበር፤ ሆኖም አቅም የሚያሳጣ የሪህ ዓይነት አድርጎ ቆጠረው። ጋሮድ የእነዚህን ሕመምተኞች ደም ሲመረምር ዩሪክ አሲዱ አልበዛም። ሪህ አይደለም ማለት ነው። የዘመኑ ድንገተኛ ሩማቲዝምም አይደለም። አንዱንም ሌላውንም ላለመሆኑ ማስረጃ ኖሮት ምን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም። ያላወቀውን ላለመናገር «መሳይ» አለ። ምክንያቱ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ሽፋን ማጥቃቱ፣ የተገለጠው ብዙ ቆይቶ ነው። ለዚህ ጥንቃቄው ጋሮድን አከብረዋለሁ።

ሩማቶይድ ያለበት ሰው የሩማቲክ የልብ በሽታም አለበት ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ስም ብቻ ያመጣው ፍርሃት ነው፤ ብዙ ቤተሰብንም ያለ ምክንያት ያስጨንቃል። የሩማቲክ የልብ በሽታ መነሻው ሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ እሱ ደግሞ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር ከሳምንታት በኋላ፣ ባብዛኛው በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ የሚከተል ነው። መገጣጠሚያው አብጦ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፣ ከዚያ ጠባሳ ሳይተው ይሄዳል። የልቡ ቫልቭ ላይ ግን ጠባሳ ሊተው ይችላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ላሴግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲናገር መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ግን ይነክሳል ብሎታል።

ሩማቶይድ የተገላቢጦሽ ነው ማለት ይቻላል፤ መገጣጠሚያውን ነው የሚነክሰው፣ ይዞም አይለቅም። ሁለቱ አንድ ቅድመ አያት ስም፣ ያንን «ሬውማ»፣ ከመጋራት በቀር መነሻቸው የተለያየ ነው። ሩማቲክ ትኩሳት እንዳይደገም ለዓመታት ፔኒሲሊን ይሰጣል፤ ለሩማቶይድ ፔኒሲሊን አይሠራም።

ኦስቲኦአርትራይተስ ብግነት ካልሆነ ለምን «አይተስ» ተባለ?

«ኦስቲኦን» አጥንት ነው። በዚህ በሽታ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ ይሄዳል፣ አጥንቱም ዳር ዳሩን ያበቅላል። እንደ ሩማቶይድ የሚነድ ብግነት ስለሌለው «አይተስ» አይገባውም ያሉ ሐኪሞች «አርትሮሲስ» የሚለውን መረጡ፤ «ኦሲስ» ሁኔታ፣ ሂደት ማለት ነው። በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ዛሬም የተለመደው ስም ይኸው ነው። ስለዚህ ከሌላ አገር በመጣ የሕክምና ወረቀት ላይ «አርትሮሲስ» ቢያነቡ አዲስ በሽታ አይደለም።

የቅርብ ጊዜ ምርምር ደግሞ በኦስቲኦአርትራይተስም ውስጥ ዝቅ ያለ ብግነት መኖሩን አሳይቷል። አሮጌው ስም በአጋጣሚ በከፊል ትክክል ሆኖ ተገኘ። ወደዚያች ጣት እንመለስ፦ ኦስቲኦአርትራይተስ ባብዛኛው ከጥፍሩ ሥር ያለችውን መገጣጠሚያ ያጠቃል፣ ሩማቶይድ ግን እሷን ትቶ ከመዳፉ የምትጋጠመውንና የመሐሏን ይወዳል። ሐኪም እጅዎን ይዞ ጣት በጣት የሚጫነው ይህን ለመለየት ነው።

በደም ምርመራ ወረቀት ላይ «ሩማቶይድ ፋክተር ፖዘቲቭ» ተብሎ ከተጻፈ በሽታው አለብኝ ማለት ነው?

በዚያ ብቻ አይባልም። እዚህም ስሙ ከሚያውቀው በላይ ይናገራል። ሩማቶይድ ፋክተር በ1940 ኖርዌያዊው ኤሪክ ቮለር በሩማቶይድ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ያገኘው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ስሙን ያገኘው ከተገኘበት በሽታ ነው። ነገር ግን ጤነኛ ሰዎች ላይ፣ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ፣ እንዲሁም በአንዳንድ የቆዩ ኢንፌክሽኖች ጊዜ ይታያል። በተቃራኒው ሩማቶይድ እያለባቸው ምርመራው ኔጋቲቭ የሚሆን ሕመምተኞች አሉ። ሐኪሙ የሚያየው ያበጡትን መገጣጠሚያዎች፣ የጠዋት መተሳሰሩ ምን ያህል እንደሚቆይና ሌሎች ምርመራዎችን ደምሮ ነው።

ሲኖቪያ የሚለው ቃል ከእንቁላል ነው የመጣው?

ሲኖቪያ መገጣጠሚያን የሚያለሰልሰው ፈሳሽ ነው፤ በመርፌ ሲቀዳ ወፈር ያለ፣ በጣቶች መካከል እንደ ክር የሚሳብ ነው። «ሲን» አብሮ ወይም እንደ፣ «ኦቩም» እንቁላል፤ ስለዚህ «እንቁላል ነጭ መሳይ» ነው የሚለው ማብራሪያ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ፈሳሹን ያየ ሰው ይስማማበታል።

ሆኖም ቃሉ ወደ ሕክምና የገባው በ1541 በሞተው በስዊዘርላንዳዊው ሐኪም በፓራሴልሰስ በኩል ነው፤ እሱ ደግሞ ቃል ፈጣሪ ነበር። ሲኖቪያን የተጠቀመበትም ለመገጣጠሚያው ፈሳሽ ብቻ ሳይሆን የአካል ክፍሎችን ለሚመግብ ፈሳሽ ሁሉ ነው። «ሲን» ግሪክኛ፣ «ኦቩም» ላቲን መሆናቸውም ጥርጣሬ ያሳድራል። የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ብዙዎቹ ቃሉን የፓራሴልሰስ የራሱ ፈጠራ አድርገው ይወስዱታል። የእንቁላሉ ታሪክ ለማስታወስ ጥሩ ነው፤ እንደ ማስረጃ ግን አይያዝ።

በአማርኛ «አርትራይተስ» ነው «አርተራይተስ» የሚጻፈው?

የመገጣጠሚያው አርትራይተስ ነው፤ ከ«አርትሮን»። አንዳንዱ እንደ ግሪክኛው «አርትሪቲስ» ይለዋል፣ እሱም ስሕተት የለበትም። «አርተራይተስ» ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ከ«አርቴሪ»፣ ከደም ቅዳ፣ የመጣ፤ የደም ቅዳ ግድግዳ ብግነት። በግሪክኛ ፊደል ሁለቱን የሚለያቸው ሌላም ነገር አለ፦ አርትሮን በ«ቴታ» ሲጻፍ አርቴሪያ በ«ታው» ይጻፋል። በእኛ ፊደል ሁለቱም «ት» እና «ተ» ሆነው ስለሚገቡ ልዩነቱ አንድ አናባቢ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል፤ በአፍ ሲነገር ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል።

ይህ የፊደል ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከአርተራይተስ ዓይነቶች አንዱ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ሰዎችን የሚይዝ፣ በጆሮ ግንድ አካባቢ ራስ ምታት፣ ሲያኝኩ የመንጋጋ ሕመም የሚያመጣ ነው፤ በጊዜ ካልታከመ የዓይን ብርሃን በድንገት ሊያጠፋ ይችላል። «ራሴንም ያመኛል፣ አርትራይተስ ነው ብለውኛል» የሚል ሰው ካጋጠመዎ የሰማውን አይመኑ፤ ወረቀቱን ያሳይዎት፣ በላቲን ፊደል የተጻፈውንም ለሐኪም ያሳይ።